ሳልጠየቅ የጨመርኋት ቃል

ያልሰረቅሁትን በሬ ሰርቀሃል ብለው በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስማሉኝ። ያስማለኝ ባዕድ አይደለም፤ አበልጄ ነው። የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ አበልጅና አበልጅ ፍርድ ቤት አይቆምም፤ ነውር ነው። እሱም ፍርድ ቤት አልወሰደኝም። ቢወስደኝ ይሻለኝ ነበር። ዳኛ ምስክር ይጠይቃል፣ እሱ ምስክር የለውም፣ በዚያው ቀን ረትቼው እገባ ነበር። መሐላ ግን ምስክር አይፈልግም። መሐላ የሚፈልገው አንድ ዓመትና ዓመቱን ሙሉ የሚጠባበቁ ጎረቤቶች ነው።

ቤቴ ከቢቸና በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ እርሻው አልቆ ገደሉ ከሚጀምርበት አጠገብ ነው። አርሳለሁ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ቢቸና ከብት ተራ ሄጄ እደልላለሁ። ድለላ ሰውን አያስወድድም። ሻጩም ገዥውም የበላሃቸው ይመስል ነው የሚያዩህ። እኔም ብሆን ሰው አላምንም። ሰው በሬውን ሲያሞግስልኝ የሚያሞግሰውን ትቼ ወደማያሳየኝ ጎን እዞራለሁ። ይህ ጠባይ ከከብት ተራ ተከትሎኝ ቤት ገብቷል። ሚስቴ ወጥ ስታጣፍጥ እንኳ ምን ልትጠይቀኝ ነው እላለሁ።

ፊደል የቆጠርሁትም በዚሁ ጥርጣሬ ነው። አርባ ዓመት ሲሞላኝ ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ከፈተ። ሌሎቹ ትምህርት ብርሃን ነው ስለተባሉ ሄዱ። እኔ የሄድሁት ጣቴን ቀለም እያስነከሩ ምን ላይ እንደሚያስፈርሙኝ ለማወቅ ነው። አስተማሪዋ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ነበረች፤ "አባት፣ ፊደሉን እንደ ሌባ አይዩት፣ ያንብቡት" ትለኝ ነበር። ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ዛሬ ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ሌላ ሰው ቢጽፈው አበልጄን ክፉ፣ እኔን ምስኪን ያደርገናል። ሁለታችንም እንደዚያ አይደለንም።

በሬው ቦራ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ግራ ቀንዱ ወደ ታች ተጠማዞ ዓይኑን ሊወጋው ሲደርስ ጫፉን በመጋዝ የቆረጥሁለት እኔ ነኝ። አበልጄ አንገቱን ይዞ፣ እኔ እየገዘገዝሁ ግማሽ ቀን ፈጅተንበታል። ከመጥፋቱ ሦስት ቀን በፊት አበልጄ ደጅ ቆሜ የበሬውን አፍ ከፍቼ አየሁ። ጥርሱ አልቋል። ከእንግዲህ ቀንበር አይችልም፣ አድልበህ ሽጠው፣ ገዥ እኔ አመጣልሃለሁ አልሁት። አልሸጥም አለኝ። እንግዲያው ሲሞት ቆዳውን ትሸጣለህ ብዬው ሄድሁ። አፌ አያምርም፤ ይህን አልክድም። በማግስቱ ለከብት ወደ ጉንደ ወይን ወጣሁ። እኔ እዚያ እያለሁ በሬው ከመስክ ሳይመለስ ቀረ። ስመለስ አገሩ ነገሩን ጨርሶ ጠበቀኝ። ጥርሱን ያየው እሱ፣ ሽጠው ያለው እሱ፣ በዚያው ሰሞን የሄደው እሱ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አበልጄ መሬት መሬት እያየ፣ ሰረቀ አላልሁም፣ ይማልልኝና ልቤ ይረፍ ነው ያልሁት አለ። ከሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው። ሌባ ቢለኝ እሰድበው ነበር። ልቤ ይረፍ ላለ ሰው ምን ይመለስለታል? እምላለሁ አልሁ።

በደብራችን የመሐላ ሥርዓት እንዲህ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚምለው ሰው በግቢው በር ላይ ይቆማል። ሕዝቡ ከውጭ ሆኖ ያያል። ቄሱ መስቀል ይዘው ቃሉን ያወጣሉ፤ የሚምለው ሰው እየተከተለ ይላል። ሲጨርስ በሩን በገዛ እጁ ይዘጋዋል፤ ዋሽቼ እንደሆነ የሰማይ ደጅ እንዲህ ይዘጋብኝ ማለቱ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ይጠበቃል። በዓመቱ ውስጥ ቤቱ ቢቃጠል፣ ከብቱ ቢያልቅ፣ ወይ እሱ ቢታመም፣ ዋሽቷል ማለት ነው። ዓመቱ በሰላም ካለፈ ከሳሹ በግ አርዶ ይቅርታ ይጠይቃል። ነገሩ በዚያው ያልቃል።

በኅዳር፣ አንድ እሑድ ቆምሁ። ቃሉን የሚያወጡት ቄስ የነፍስ አባቴ ናቸው። ዓይኔ አላየውም፣ እጄ አልነካውም፣ ዋጋውን አልበላሁም፤ እያንዳንዱን ተከትዬ አልሁ። እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ከሕዝቡ መካከል አንዱ፣ እስካሁን ማን እንደሆነ አጣርቼ ያልደረስሁበት ሰው፣ "የደላላ መሐላ" አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ደሜ ወደ ራሴ ወጣ።

"ዋሽቼ እንደሆነ በልጄ ላይ ይድረስ!" አልሁ።

ሳቁ ቆመ። የነፍስ አባቴ መስቀሉን ዝቅ አደረጉና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ይህን ደግሞ ማን ጠየቀህ?" አሉኝ። በሩን ወርውሬ ዘጋሁት።

ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ያኔ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፣ ስምንተኛ ክፍል። ከእናቷ ጋር ከሴቶቹ መካከል ቆማ ሰምታለች። ቤት ስንደርስ ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠችና፣ "አባየ፣ እኔን ስትጨምረኝ ለምን አልጠየቅኸኝም?" አለችኝ። አልሰረቅሁም እኮ፣ ምን ያስፈራሻል አልኋት። "እሱንማ አውቃለሁ፤ ለምን አልጠየቅኸኝም ነው ያልሁህ" አለች። እናቷ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ያህል እህል ከማቅረብ በቀር አላናገረችኝም።

ከዚያ ወዲያ አገሩ የልጄን ጤንነት መጠየቅ አበዛ። ቀድሞ እንዳለች እንኳ የማያውቅ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ አቁሞ፣ ማኅበር ላይ ጎተት አድርጎ፣ ልጅት እንዴት ናት ይለኛል። ደኅና ናት ስል ፊታቸውን አያለሁ። ደስ ያለውን ሰውና የቀረበትን ሰው ከፊቱ መለየት ከብት ተራ የለመድሁት ነገር ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተደናቅፋ ጉልበቷ ተላጠ። ለሦስት ቀን ሴቶች ጉልበቷን ሊጠይቁ መጡ። ለአንድ ጉልበት ይህን ያህል ጠያቂ አይቼ አላውቅም። ልጄን ያሥቃታል፤ ጉንፋን ቢይዘኝማ መቃብር ሊቆፍሩ ነው ትላለች። እኔ አልሥቅም። ወር በሄደ ቁጥር በልቤ እቀንሳለሁ፤ ስምንት ቀረ፣ ሰባት ቀረ።

አራት ወር ሲቀረው፣ ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ ሆዴን አለች። ምች ነው ብለን የምች መድኃኒት ጨምቀን አጠጣናት። አልተሻላትም። በሦስተኛው ቀን ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ፣ ሰውነቷ እንደ እሳት ፈጀ። የነፍስ አባቴ ጠበል ይዘው መጡ። ረጭተውላት ጸለዩላትና ወደ ደጅ አወጡኝ። ነገሩን ለእግዚአብሔር ስጠው አሉኝ። ቀጥለውም፣ ምናልባት ያልነገርኸኝ ነገር ካለ ንስሐ ግባበት አሉ።

"አባ፣ እርስዎም እየጠበቁ ነው ማለት ነው?" አልኋቸው።

"እኔም ሰው ነኝ" አሉ።

ለእግዚአብሔር ስጠው የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ጠላሁት። የሚለኝ ሰው ሁሉ እጁን እያራገፈ ነበር የሚለኝ። እኔ ስሰጥ እነሱ ምን ይሰጣሉ? ምንም። ቆመው ያያሉ።

ቃሬዛ አሠርቼ ወደ ቢቸና አስወጣኋት። የተሸከሟት ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ይህን አልክድም። በዝናብ፣ በጭቃ፣ እየተቀያየሩ ተሸከሟት። ግን ከኋላ ሆኜ ጆሮዬ ሹክሹክታቸው ላይ ነበር። አበልጄ ሊሸከም አልመጣም። ሚስቴ እከተላለሁ ስትል ቤቱን ማን ይጠብቃል ብዬ አስቀረኋት። ዶሮዬን እንኳ የማምነው ሰው አልነበረኝም። ልጇ በሞት አፋፍ ላይ እያለች እናቷን ዶሮ ጠብቂ ማለቴን አሁን ስጽፈው እጄ ያፍራል።

ቢቸና ሐኪሙ ሆዷን ጫን ጫን አድርጎ አየና ትርፍ አንጀቷ ሳይፈነዳ አልቀረም፣ ቶሎ መከፈት አለባት፣ ቀዶ የሚሠራው ሞጣ ነው አለኝ። አንድ ወረቀት ሰጠኝና አምቡላንስ ላይ ጫኑን። መንገዱን ሙሉ ወረቀቱን አገላብጣለሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ የተማርሁት ወረቀት እንዳያታልለኝ ነበር፤ ይሄኛው በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል። ልጄ በጭንቅ ውስጥ ሆና፣ "አባየ፣ እሱን ተወውና እጄን ያዝ" አለችኝ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትሁ። ደብረ ወርቅን ስናልፍ እጇን ይዤ ነበር። ሞጣ እስክንደርስ አለቀቅኋት።

ሞጣ በገባን በዚያው ቀን ቀደዷት። አንጀቱ ፈንድቶ ሆዷ መግል ሞልቷል አሉኝ። ሁለት ቀን ደኅና መሰለች። በሦስተኛው ትኩሳቱ ተመለሰ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ፊት ለፊት የሚናገር መሆኑን ወደድሁለት። እንደገና መከፈት አለባት፣ ደሟ አንሷል፣ ከሁለት ሰው ደም ያስፈልጋታል፣ አንዱን አንተ ስጥ፣ ሌላውን እስከ ነገ ጠዋት ፈልግ አለኝ።

እኔ በዚያው ሰዓት ሰጠሁ። ለሁለተኛው ስልክ ያዝሁ። ወንድሜ ወንዙ ሞልቷል፣ እርሻውም ደርሶብኛል፣ እስቲ ሰው ካገኘሁ እልካለሁ አለኝ። የአጎቴ ልጅ ስልኩን ጭራሽ አላነሣም፤ ሁለተኛው የአጎቴ ልጅ አንሥቶ ዝም አለ፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ገባኝ። የሚፈሩት መርፌውን አይደለም። ነገሩ ታቦቱ የያዘው ፍርድ ነው ብለው አምነዋል፤ በዚያ መካከል ደሙን የሚያስገባ ዘመድ አልተገኘም።

ሞጣ ላይ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቆዳ ነጋዴ፣ ሽማግሌ እስላም፣ ሐጂ የምላቸው። ቢቸና ገበያ ሲመጡ እንተያይ ነበር እንጂ ወዳጅ አልነበርንም። ልጄን ይዤ መምጣቴን ሰምተው ሐኪም ቤት ድረስ መጡና ቤታቸው ማረፊያ ሰጡኝ። ባለቤታቸው በየቀኑ ሽሮ በእንጀራ ትልክልኛለች፤ እስላም ያረደውን እንደማልበላ አውቃ አንድም ቀን ሥጋ አላቀረበችልኝም። ምን ፈልገው ነው እያልሁ ወደማያሳዩኝ ጎን ዞርሁ፤ አላገኘሁትም። አሁንም ሳላገኘው አለሁ። የደሙን ነገር ስነግራቸው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ነርሷ እድሜያቸውን ጠየቀችና ስኳር እንዳለባቸው ስትሰማ መለሰቻቸው። ልጆቻቸው በንግድ ባሕር ዳር ናቸው። አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና፣ "ወንድሜ፣ አላህ ያውቃል" አሉኝ።

"ማወቁንማ ያውቃል ሐጂ፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው" አልኋቸው።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም። ለማንም ያልተናገርሁት ነገር ነበረብኝ። በሬው በጠፋ ሰሞን ጉንደ ወይን ላይ አንድ ቦራ በሬ ደልያለሁ። ዝናብ ነበር፣ ገዥው ይቸኩላል፣ ሻጩን አላውቀውም፣ እኔም ጥርሱን ብቻ አይቼ ጀርባውን መታ መታ አድርጌ ጨረስሁ። ቀንዱን አላስተዋልሁም። በቆረጥሁት ቀንድ አላውቀውም ነበር? አውቀው ነበር እላለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጥድፊያ፣ ማን ያውቃል እላለሁ። እጄ አልነካውም ብዬ ምያለሁ፤ ነክቼውስ እንደሆነ? ዋጋውን አልበላሁም ብያለሁ፤ የድለላዬን በልቼስ እንደሆነ? ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ሁሉ ስጠራጠር ኖሬ፣ ያን ቀን ራሴ ላይ ደረስሁ። ሌባ አይደለሁም። ግን ሳላውቅ በሐሰት ምዬ፣ ሳልጠየቅ ልጄን አስይዤ ሊሆን ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት ከሐኪም ቤቱ አጥር ሥር ቆምሁ። ከየትኛው ደብር እንደሆነ የማላውቀው የቅዳሴ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ጸሎት አላውቅበትም፤ አባታችን ሆይ እንኳ ስደግም ቶሎ ቶሎ ነው የምለው። ያን ጠዋት ግን ከሰው ጋር እንደምነጋገር አድርጌ ተናገርሁ።

"አልሰረቅሁም። ሳላውቅ ሸጬው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አላውቅም። ጥፋቱ የአፌ ነው፤ እሷ ምንም አላለችም። ልጄን ብትወስድ ሁሉም በእኔ ይፈርዳሉ፤ አንተንም ምስክር ያደርጉሃል። ያላጠፋች ልጅ ወስደህ ለማን ትመሰክራለህ? ለእኔ ብለህ አይደለም። ስለ ራስህ ብለህ ተዋት።"

ይህን ብዬ ቆምሁ። ምንም አልሆነም። ሰማዩ ደመና እንደሆነ ነው፤ አንዲት ሴት ባልዲ ይዛ በአጠገቤ አለፈች። ሰዎች እንዲህ ባለው ሰዓት ሰላም ተሰማኝ ሲሉ እሰማለሁ። እኔ የተሰማኝ ብርድ ነው። አመንሁት ብል ውሸት እንዳይሆን እፈራለሁ። ሌላ የምይዘው አጣሁና እሱን ያዝሁ፤ ይዤም አለቀቅሁም። እምነት የሚሉት ይህ ከሆነ ያን ቀን አመንሁ።

ስመለስ አበልጄ ከአግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

ልብሱ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ልጄ የተኛችበትን ክፍል በር ያያል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ መሐላው ሲሠራ ሊያይ መጣ የሚል ነው። ፊት ለፊቱ ቆምሁ።

"ልትቆጥር መጣህ?" አልሁት።

ተነሣ። ደም ያስፈልጋታል አሉኝ፣ ከወንድምህ ሰማሁ፣ እኔ ልስጥ አለ። አልፈልግም ልለው አፌን ስከፍት እጁን አነሣና፣ "ቆይ አበልጄ። ከመስጠቴ በፊት የምነግርህ አለ። ይህን ይዤ ደሜ ከደሟ ጋር እንዳይቀላቀል" አለኝ።

ነገረኝ። በሚያዝያ ለቤት ክዳን የሚሆን ሣር ሊያጭድ ወደ ገደሉ ወርዶ፣ ከቁጥቋጦ ሥር አጥንት አገኘ። ከአጥንቱ መካከል ቀንድ አለ፤ ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ ጫፉ በመጋዝ የተቆረጠ። በሬው ገደል ገብቶ ኖሯል። ማንም አልሰረቀውም። ማንም አልሸጠውም፣ ማንም አልደለለውም። ቀንዱን በኩታው ጠቅልሎ ወስዶ ከጎተራው ሥር ቀበረው። ለሚስቱም አልነገራት። ሦስት ወር ሙሉ።

ከተናገረው ሁሉ መጀመሪያ የሰማሁት ማንም አልሸጠውም የሚለውን ነው። የጉንደ ወይኑ በሬ ሌላ በሬ ነው። መሐላዬ እውነት ነው። እሱ ተነሥቶ በለቀቀው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ንዴቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

"ለምን ዝም አልህ?"

"አፈርሁ። አንተን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አቁሜ። ኅዳር ሲደርስ ዓመቱ ያልቃል፣ በግ አርጄ ይቅርታ ጠይቄ በዚያው ያልፋል ብዬ። ልጅት ትታመማለች ብዬ አላሰብሁም።"

"ስትታመምስ?"

መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ጠባዩ ነው።

እኔም ወደማያሳየኝ ጎን ዞርሁ። ሦስት ወር ዝም ያለ ሰው፣ ልጄን በቃሬዛ ሲያወጧት ከቤቱ ያልወጣ ሰው፣ ዛሬ በዚህ ጭቃ ከቢቸና ሞጣ ምን አመጣው? "እውነቱን ንገረኝ፤ የመጣኸው ስለ ልጄ ነው ስለ ልጅህ?" አልሁት።

"ስለ ልጄ ነው። ትናንት ራሴን አመመኝ አለኝ" አለ።

"ራሱን ብቻ?"

"ራሱን ብቻ።" ቀና ብሎ አየኝ። "ላንተም ልጅህ ነው እኮ።"

ስለ ልጅህ ነው ቢለኝ ኖሮ አላምነውም ነበር። አልቅሶ እግሬ ላይ ቢወድቅ አላምነውም ነበር። ራሱን የማያሳምር መልስ ስለሰጠኝ አመንሁት። የፈራው ሐሰተኛ ክሱ ዞሮ የገዛ ልጁ ላይ እንዳይደርስ ነው። እኔም ከአጥሩ ሥር የፈራሁት እንዲሁ ያለውን ነው። እግዚአብሔር የሰማኝ እንደሆነ፣ መልሱን የላከው በጻድቅ ሰው እጅ አይደለም፤ በፈሪ እጅ ነው። ልመርጥ አልቻልሁም።

ነርሷ መጥታ ደም ሰጪው ማነው አለች። አበልጄ እኔን ያያል። "ሂድ ስጥ። እኔና አንተ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን" አልሁት። ነርሷ ሁለታችንንም አየችና፣ "ተጣልታችሁ ከሆነ ደሙን ከቀዳሁ በኋላ ተደባደቡ፤ አሁን እንዳታፈሱብኝ" አለች። ሐጂ ከወዲያ ሆነው ሳቁ። እኔም ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልስቅ አልቀረሁም።

ልጄን በዚያው ቀን እንደገና ከፈቷት። አበልጄ ደም ሰጥቶ ሲጨርስ አልሄደም። ሁለታችንም በአንድ አግዳሚ ላይ፣ በመካከላችን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተን ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ አነበብሁ፤ እጅ መታጠብ፣ ክትባት፣ ዝምታ ይከበር። አበልጄ ፊደል አያውቅም። ምን ይላል አለኝ። ዝም በል ይላል አልሁት።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። መጀመሪያ የጠየቀችው ውኃ ነው፤ ቀጥላ እናቷን። ያን ጊዜ ለሚስቴ ስልክ አስደውዬ፣ ዶሮዎቹን ተያቸውና ነይ አልኋት።

አገር ስንመለስ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ሰምተው ጠበቁኝ። ነገሩ በቤት ውስጥ፣ በዝምታ ይለቅ አሉ፤ የአጥቢያው ስም እንዳይነሣ። አበልጄ ቤቴ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቅ፣ በግ ይታረድ፣ ይበቃል። የነፍስ አባቴም ቀሪውን ለእግዚአብሔር ተውለት አሉኝ።

"ሰጥቼዋለሁ እኮ አባ። እሱ የድርሻውን አደረገ፤ ቀንዱን ከገደል አወጣ፣ ልጄን መለሰልኝ። የቀረው የእናንተ ድርሻ ነው። ያስማላችሁኝ በር ላይ ነው፤ የሚያልቀውም እዚያው በር ላይ ነው" አልኋቸው።

ጥቂት አጉረመረሙ። በመጨረሻ የነፍስ አባቴ፣ "እውነቱን ነው፤ የዚያን ቀን መስቀሉን የያዝሁት እኔ ነኝ፣ የዛሬውንም እይዛለሁ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ አክብሬአቸዋለሁ።

የፍልሰታ ጾም የሚፈታበት ቀን ተቆረጠ። በፍልሰታ ያላስቀደሰ ሰው የለም፤ ግቢው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከበሩ ውጭ ሲቆም አበልጄ በባዶ እግሩ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በእጁ ያን ቀንድ ይዞ መጣ። ይቅርታ የሚለምን ሰው በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚመጣው። ቀንዱን ሕዝቡ እየተቀባበለ አየው። ጫፉን በጣታቸው ይነካሉ። የደላላ መሐላ ያለውን ሰው ድምፅ ለመስማት ጆሮዬን አቆምሁ፤ ያን ቀን ዝም አለ። በሩ ዝግ ነበር፤ በሌላ ቀን ሁሉ ሲከፈት ኖሯል፣ ያን ቀን ግን የነፍስ አባቴ እኔ እንደዘጋሁት አድርገው አዘግተውት ነበር። አበልጄ በድንጋዩ እንደጎበጠ በአንድ እጁ ገፋ አድርጎ ከፈተው። ከዚያ ፊቴ ተንበረከከ።

ሽማግሌዎቹ ይቅር በለው፣ ይቅር በለው ይላሉ። ሕዝቡ እኔን ይጠብቃል። ልጄ ከእናቷ አጠገብ በዱላ ተደግፋ ቆማለች፤ ቀሚሷ ሰፍቷታል። በዚህ በር ላይ ሳልጠይቃት ጨምሬአት ነበር። ሳልጠይቃት ላወጣት አልፈለግሁም።

ወደ እሷ ዞርሁና፣ "ምን ትያለሽ? ይቅር ልበለው?" አልኋት።

የሽማግሌዎቹ አፍ ተከፈተ። ልጅ፣ ያውም ሴት ልጅ፣ በዚህ ቦታ ተጠይቃ አታውቅም። እሷ ድንጋዩን አየች፣ አበልጄን አየች፣ ክንዷ ላይ መርፌው የገባበትን ቦታ ዳሰስ አደረገች።

"ትንሽ ይቆይበት፤ ከዚያ ይቅር በለው" አለች።

ቆየበት። ከሕዝቡ መካከል አንድም ሰው አልሳቀም። ራሷን ስትነቀንቅልኝ ይቅር ለእግዚአብሔር ብዬ ድንጋዩን ካንገቱ አወረድሁለት፤ ነሐሴ 16 ቀን 2011 ዓ.ም.።